የአሮጌ ፒክ አፕ መሪ መላላትና የመለዋወጫ ዕቃ ንግድ

ዕቃ ከመጋዘን ወደ ሱቅ፥ ከሱቅም ወደ ገጠር ገበያ የሚያመላልሰው አሮጌ ፒክ አፕ መኪና ለንግድ ሥራ ምን ያህል ባለውለታ እንደ ሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ትልቁ ካሚዮን ሊገባበት በማይችለው ቅያስ ይገባል፤ የክረምት ጭቃ፥ የበጋ አቧራ ሳይል ይሄዳል፤ ጠዋት ከመርካቶ ሳሙናና ዘይት ጭኖ የወጣው ማታ ጤፍና ሽንኩርት ይዞ ይመለሳል። የቶዮታ ፋብሪካ ሂሉክስ የተባለውን ፒክ አፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው በ1960 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ከተሠሩት መካከል ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገሉት ዛሬም በየከተማው ጭነት ሲያመላልሱ ይታያሉ። ባለቤቱ ከሱቁ ይልቅ በመኪናው የሚመካበት ጊዜም አለ።

ይህ አሮጌ መኪና በቅርቡ በአዲስ ይተካል ብሎ ማሰብ አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ወደ አገር ሲገቡ በዕድሜያቸው ልክ ከፍ እያለ የሚሄድ ግብር እንዲከፈልባቸው አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉም ከውጭ የሚመጣው ዕቃ በብር ሲታሰብ ዋጋው ናረ። የእነዚህ ውሳኔዎች ደግነትና ክፋት ለሌላ ጊዜ የሚቆይ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ የሚበቃው፥ ባለ ፒክ አፑ ያለውን መኪና እየጠገነ ከመሥራት በቀር ብዙ ምርጫ የሌለው መሆኑን ማወቅ ነው። መጠገኑ የግድ ከሆነ ዘንድ ደግሞ አጠጋገኑ ሊታሰብበት ይገባል።

ከጥገናዎች ሁሉ ይልቅ ቸል የሚባለው የመሪ መላላት ነው። ሞተር ሲበላሽ መኪናው ይቆማል፤ ባለቤቱም ወድዶም ሆነ ተገዶ ገንዘቡን ያወጣል። መሪ ሲላላ ግን መኪናው አይቆምም። ሾፌሩ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየለመደው ይሄዳል። መጀመሪያ የአንድ ጣት ስፋት ያህል በከንቱ ይዞር የነበረው መሪ ሁለት ጣት፥ ከዚያም አራት ጣት ይሆናል፤ ሾፌሩም በቀጥታ መንገድ ላይ እንኳ እጁን ሳያሳርፍ መሪውን ግራና ቀኝ ሲያመላልስ ይውላል። ከዕለታት አንድ ቀን «ጋሼ፥ መሪው በጣም ይጫወታል» ብሎ ሲናገር፥ ጌታው ከደረሰኙ ላይ ቀና ሳይል «ጋራዥ ወስደህ አስጠብቀውና ና» ይለዋል። መካኒኩም የሞተሩን ክዳን ከፍቶ፥ በመሪው ሳጥን አናት ላይ ያለችውን ብሎን በካቻቪቴ ግማሽ ዙር ያህል ያጠብቅና ጥቂት ብር ተቀብሎ ያሰናብተዋል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ መሪው ጠንክሯል፤ ጌታውም ተደስቷል፤ ነገሩም ያለቀ ይመስላል።

ነገሩ ግን አላለቀም። ብሎኗን አጥብቆ መስደድ ከሁሉ የሚረክስ መስሎ የሚታይ፥ ውሎ አድሮ ግን ከሁሉ የሚወደድ ጥገና ነው። ይህን ለመረዳት መሪው ከሾፌሩ እጅ እስከ ጎማው ድረስ በምን በምን እንደሚያልፍ ማወቅ ያስፈልጋል።

በአሮጌዎቹ ፒክ አፖች፥ በተለይም የፊት አክስላቸው አንድ ወጥ በሆነው፥ ሾፌሩ የሚያዞረው መሪ በረዥም ዘንግ አማካይነት በሻንሲው ላይ ከታሰረው የመሪ ሳጥን ጋር ይገናኛል። በሳጥኑ ውስጥ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ጥርስ ያለው ዘንግ ይገኛል፤ በዚህም ዘንግ ላይ ትናንሽ የብረት ኳሶች እየተንከባለሉ ባለ ጥርሱን ብረት ያስኬዱታል፤ እርሱም በተራው ከሳጥኑ ወደ ውጭ የወጣውን ክንድ ያወዛውዛል። ከክንዱ ቀጥሎ አንድ ዘንግ፥ ከዚያም ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘው ሌላ ዘንግ አለ። በእነዚህ ዘንጎች ጫፍ ላይ መካኒኮች ቴስቲና የሚሉት መገጣጠሚያ ይገኛል፤ ይኸውም በብረት ጽዋ ውስጥ የሚዞር፥ በግራሶ የሚለሰልስ፥ በጎማ ቆብ የተሸፈነ የብረት ኳስ ነው። ከዚያ በኋላ ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርባቸው ፔርኖዎች፥ በመጨረሻም የጎማው ኩሽኔታዎች ይመጣሉ። ቢቆጠሩ መገጣጠሚያዎቹ ከአሥር አያንሱም። እያንዳንዱ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ቢበላ፥ የሁሉም ተደምሮና ተባዝቶ በሾፌሩ እጅ ላይ የአራት ጣት ስፋት ሆኖ ይገኛል።

በሳጥኑ አናት ላይ ያለችው ብሎን የምታጠብቀው ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ፥ ማለትም በሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ጥርሶች ነው። እነዚህም በዘይት ውስጥ የሚኖሩ፥ አቧራ የማይደርስባቸው ስለ ሆኑ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ዘግይተው ነው የሚበሉት። የጎማ ቆቡ የተቀደደ ቴስቲና በበጋ አቧራ፥ በክረምት ጭቃ እየገባበት በአጭር ጊዜ ውስጥ ሲያልቅ፥ ሳጥኑ ግን ዘይቱ ካልፈሰሰ በቀር ብዙ ዓመት ይቆያል። ስለዚህ መካኒኩ ያጠበቀው አብዛኛውን ጊዜ ያልታመመውን ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ጉዳት ይጨመራል። ፋብሪካው የሳጥኑን ጥርሶች የሠራቸው መሪው ቀጥ ባለ ጊዜ ጠበቅ ብለው፥ ወደ ዳር ሲታጠፍ ደግሞ ጥቂት ላላ ብለው እንዲገናኙ አድርጎ ነው። መኪና ከዕድሜው የሚበልጠውን የሚሄደው ቀጥ ብሎ ስለ ሆነ የመካከሉ ጥርስ ከዳሩ ቀድሞ ይበላል። አሁን መካከሉ እስኪጠብቅ ድረስ ብሎኗ ከተጠበቀች፥ ያልተበላው የዳር ጥርስ ከልክ በላይ ይጣበቃል። መሪው በኩርባ ከታጠፈ በኋላ እንደ ወትሮው በራሱ አይመለስም፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይነክሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚያወርድ፥ ኩርባው በኩርባ ላይ የሚደራረብ መሆኑን ወደ ጎጃም የነገደ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ጭነት ይዞ የሚወርድ ሾፌር አንዱን ኩርባ ጨርሶ ለሚቀጥለው ሲዘጋጅ መሪው እሺ ብሎ ባይመለስለት የሚሆነውን ማሰብ አያዳግትም። የላላ መሪ ቢያንስ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ የሚነክሰው ግን የሚነክሰው በኩርባው መካከል ነው።

ከዚህም የሚብሰው መደበቁ ነው። ኳሱ ከጽዋው ሊወጣ የደረሰ ቴስቲና መላላቱን የሚናገርበት አንደበት ቢኖረው ያው የመሪው መጫወት ብቻ ነው። ብሎኗ ስትጠብቅ ያ ምልክት ለጊዜው ይቀንሳል፤ ሾፌሩም መኪናው ተጠግኗል ብሎ ፍጥነት ይጨምራል። ኳሱ ከጽዋው በወጣ ቀን መሪው ጎማውን ማዘዙ ያቆማል። በመኪናው ላይ ሾፌሩ፥ አጠገቡ ረዳቱ፥ ብዙ ጊዜም ከጭነቱ በላይ የተቀመጡ ተሸካሚዎች አሉ። መንገድ ዳር የሚሄደውም ሰው መኪናው የማን እንደ ሆነ አያውቅም።

አንዳንድ ሽማግሌ መካኒኮች «ብሎኗ ካልተጠበቀች ለምን ተሠራች?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ብሎኗ የተሠራችው ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ደኅና መሆኑ ከታወቀ በኋላ፥ ከሳጥኑ ክንድ ጋር የተያያዘው ዘንግ ተፈትቶ፥ መሪው ቀጥ ባለበት፥ እየተሞከረ በጥቂት በጥቂቱ እንድትጠበቅ ነው። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ መሪው ከዳር እስከ ዳር መዞር አለበት፤ የትም ቦታ ከበደ ቢል ብሎኗ መመለስ ይኖርባታል። ጥርሱ ከዚህ በላይ የተበላ ሳጥን የሚድነው ተፈትቶ ሲታደስ ወይም ሲለወጥ እንጂ በካቻቪቴ አይደለም።

ትክክለኛው ምርመራ ሁለት ሰውና ግማሽ ሰዓት እንጂ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ባለቤቱ ራሱ ቆሞ ሊያየውም ይችላል፤ ቢያይም መልካም ነው። መኪናው በደልዳላ ሜዳ ላይ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ይቆማል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ለኋላ ጎማዎቹም ታኮ ይደረጋል። አንዱ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ በጥቂቱ ያወዛውዛል። ሌላው ከታች ሆኖ ከመሪው ዘንግ ጀምሮ እስከ ጎማው ድረስ እየተከተለ ያያል፤ በዓይን የማይለየውንም በእጁ ይዳስሳል። ከወዲያ ያለው ብረት ሲንቀሳቀስ ከወዲህ ያለው ዝም የሚልበት ቦታ በሽታው ያለበት ነው። ሳጥኑ ራሱ በሻንሲው ላይ ሲነቃነቅ የሚገኝበት ጊዜም አለ፤ ብሎኖቹ ላልተው ወይም ሻንሲው እዚያው ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ይሆናል። ስንጥቁን የዘይትና የጭቃ ድርብርብ ስለሚሸፍነው ቦታው አስቀድሞ ሊታጠብ ይገባል። ጭቃ ባለበት ሻንሲ ላይ የሚደረግ ምርመራ ምርመራ አይባልም።

ቀጥሎ የፊቱ ጎማ በክሪክ ይነሣል፤ ከአክስሉ ሥርም ጠንካራ ማቆሚያ ይገባለታል፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ገብቶ የተጎዳው ሰው ቁጥር ቀላል አይደለምና። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ንቅናቄ ቢኖር ከኩሽኔታው ወይም ከፔርኖው ነው። ሌላ ሰው ፍሬኑን ረግጦ ሲይዝ ንቅናቄው ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው፥ ካልጠፋ የፔርኖው ይሆናል። ግራና ቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ የሚታየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቴስቲናው ነው። ይህን ያህል ካወቀ በኋላ ባለቤቱ የሚገዛውን ዕቃ ለይቶ ይገዛል፤ ሁሉንም መለወጥ ግድ አይሆንበትም። «ለሙሉ ጥገና አቅም የለኝም» የሚለው ነጋዴ መልሱን እዚህ ያገኘዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አንድ ወይም ሁለት ቴስቲና ነውና።

ባለቤቱ ራሱ የሚያመጣው በሽታም አለ፤ ይኸውም ጭነት ነው። አሥር ኩንታል እንዲችል በተሠራ ፒክ አፕ ላይ አሥራ አምስት ሲጫን የኋላው ባሌስትራ ተጨፍልቆ የመኪናው አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፤ የፊት ጎማዎቹም መሬት የሚቆነጥጡበት ክብደት ይቀንስባቸዋል። በዚያ ጊዜ መሪው ቢታዘዝ እንኳ ጎማው በወጉ አይታዘዝም፤ መኪናው እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ሾፌሩም መሪው ላልቷል ይላል። የፊቱ ባሌስትራ ቦኮላዎች ያለቁበት መኪናም እንዲሁ ነው። አክስሉ ራሱ ከቦታው ወደ ጎን ስለሚንሸራተት መሪው ምንም ባይበላ የላላ ይመስላል። ጎማዎቹ ነፋስ የጎደላቸው ወይም ከተለያየ ዓይነት የተሰበሰቡ ከሆኑም ተመሳሳይ ስሜት ይሰጣሉ። ለእነዚህ ሁሉ የመሪ ሳጥን መንካት ምን ይጠቅማል?

አሁን ነገሩ ወደ መለዋወጫ ዕቃ ነጋዴው ይመጣል። በሶማሌ ተራም ሆነ በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ባሉት ሱቆች ቴስቲና የሚፈልግ ሰው ከአንድ መደርደሪያ ላይ ሦስትና አራት ዓይነት ይቀርብለታል። ሁሉም ጥቁር ቀለም የተቀቡ፥ ሁሉም በካርቶን የታሸጉ፥ አንዳንዱም የታወቀ ፋብሪካ ምልክት የሚመስል ምልክት ያለባቸው ናቸው፤ ልዩነታቸው በዋጋ ብቻ ይመስላል። እውነተኛው ልዩነት ግን ውስጥ ነው፤ የኳሱ ብረት የተጠናከረ መሆኑ፥ ጽዋው ውስጥ ያለው ማስቀመጫ ልኩን የጠበቀ መሆኑ፥ የጎማ ቆቡ ፀሐይና ዘይት የሚችል መሆኑ። ገዢው ይህን ቆርጦ ሊያይ አይችልም። የሚያምነው ሻጩን ነው፤ ሻጩም የሚያምነው አስመጪውን ነው። አስመጪው ትእዛዝ ሲልክ ከዋጋ በቀር ሌላ ካልጠየቀ እምነቱ ሁሉ ከሥሩ ባዶ ይሆናል።

አስመጪዎች «ደንበኛው የሚፈልገው ርካሹን ነው» ይላሉ። ይህ ግማሹ እውነት ነው። ደንበኛው ርካሹን የሚመርጠው ልዩነቱ ስላልተነገረው ጭምር ነው። ሁለት ዓይነት ዕቃ ያለው ባለሱቅ ይኼ ከዚህ ፋብሪካ የመጣና የሚመለስበት ዋስትና ያለው ነው፥ ይኼኛው ግን ዋስትና የለውም ብሎ በግልጽ ቢናገር የትኛው ይሸጣል የሚለው ገና በወጉ ያልተሞከረ ነገር ነው። ርካሹ ቴስቲና አንድ ክረምት ሳያልፍ ቢላላ ባለ ፒክ አፑ ለመካኒክ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ መኪናው ሁለት ጊዜ ከሥራ ይውላል፤ ያንን ሱቅ ግን ሁለተኛ አይረግጠውም። ከሌላ መኪና ላይ የተፈታ አሮጌ ቴስቲና መሸጥማ ከንግድ ሥራ ሊቆጠር የሚገባው አይደለም። ያገለገለ የመሪ ሳጥን ተፈትቶ፥ ታይቶ፥ ታድሶ ሊሸጥ ይችላል፤ ቴስቲና ግን ማለቁ በውስጡ ስለ ሆነ በዚህ መንገድ ሊታመን አይችልም።

ባለሱቁ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ጥቃቅን ነገር አለ። ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዘው ዘንግ በአንድ ጫፉ ወደ ቀኝ፥ በሌላው ጫፉ ወደ ግራ የሚዞር የብሎን ጥርስ አለው፤ ይህም የጎማዎቹ አቀማመጥ ዘንጉን በማዞር ብቻ እንዲስተካከል ታስቦ የተደረገ ነው። ስለዚህ ግራና ቀኝ ቴስቲና አንድ አይደለም። ጥርሱን ሳይጠይቅ የሚሸጥ ባለሱቅ ደንበኛውን ሁለት ጊዜ ያመላልሰዋል፤ አለዚያም ደንበኛው ወደ ቶርኖ ቤት ወስዶ ጥርሱን በግድ ያስገጥመዋል። ደንበኛው ሲመጣ የመኪናውን ሞዴል፥ የተሠራበትን ዓመትና የሻንሲ ቁጥሩን መጠየቅ፥ የተፈታውንም አሮጌ ቴስቲና እንዲያመጣ ማድረግ ብዙ ስሕተት ያድናል። ዳዶውና ዳዶው እንዳይፈታ የሚቆልፈው ሽቦ ከቴስቲናው ጋር አብረው መሸጥ አለባቸው። ይህች ሽቦ ከዕቃዎቹ ሁሉ ትንሿና ርካሿ ናት፤ መካኒኩ ሲያጣት ግን ከመሬት ላይ ያገኘውን ምስማር ያጥፍባታል። አስመጪው ሺህ ቴስቲና ሲያዝ ሺህ ሽቦ አብሮ ማዘዝ የሚያከስረው አይደለም።

ስለ ልኩም አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። የብዙ ፋብሪካዎች የጥገና መጽሐፍ መሪው በክቡ ዳር ሲለካ ከ30 ሚሊሜትር ገደማ የበለጠ በከንቱ ከዞረ እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፤ ይኸውም የሁለት ጣት ስፋት ያህል ነው። ባለቤቱ በወር አንድ ቀን፥ መኪናው ሲታጠብ፥ በማስመሪያ ቢለካው አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ዓመታዊው ምርመራ ሲቃረብ ብቻ ለቦሎ ተብሎ የሚጠበቅ መሪ ምርመራውን ቢያልፍም መንገዱን የሚያልፍበት ዋስትና የለውም።

ቴስቲናው ከተለወጠ በኋላ መኪናው በቀጥታ ወደ ጭነት መመለስ የለበትም። አሮጌው ሲፈታ የገባበት ቀዳዳ ተበልቶ ሰፍቶ ከሆነ አዲሱ ቴስቲና ዳዶው የቱንም ያህል ቢጠብቅ አይቆምም፤ ያን ጊዜ የሚለወጠው ክንዱ ነው። በመዶሻ ሲፈታም የሚመታው የክንዱ ጎን እንጂ የቴስቲናው ጫፍ መሆን የለበትም፤ ጫፉ ከተመታ ጥርሱ ይጠፋል። የሁለቱ የፊት ጎማዎች አቀማመጥ እንደገና መለካት አለበት፤ በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከፊት በኩልና ከኋላ በኩል ተለክቶ ልዩነቱ ፋብሪካው ካዘዘው ጥቂት ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ይደረጋል፤ አለዚያ አዲስ የተገዛው ጎማ በአንድ ጎኑ ይላጫል። ከመጀመሪያው ሙሉ ጭነት በኋላም መኪናው ተመልሶ የሳጥኑ ብሎኖችና የቴስቲናው ዳዶ በቁልፍ እንዲሞከሩ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለዚህም መካኒኩ ገንዘብ ባይጠይቅበት፥ ባለ ፒክ አፑም ግማሽ ቀን ባይሰስትበት ይበጃል።